ተስማምታችኋል ተባልን

የቀበሌያችን ሊቀመንበር ሰኞ ጠዋት ቤቴ ሲመጣ ልብስ እያሰጣሁ ነበር። አራተኛ ክፍል እያለ አስተምሬዋለሁ። ስለዚህ ዛሬም ትልቅ ሰው ሆኖ፣ ማኅተም ይዞ፣ የአጥሬ በር ላይ ሲደርስ ኮፍያውን ያወልቃል።

«መምህርት፣ ላስቸግርዎት ነው የመጣሁት» አለኝ።

ግባ ብለውም እንደቆመ ነገረኝ። ከሰፈራችን በታች፣ ሣር ሜዳው ላይ የባቡር ግቢ ሊሠራ ታስቧል። ባቡሮች የሚያድሩበት፣ የሚታጠቡበት፣ የሚጠገኑበት፣ ነዳጅ የሚሞሉበት ቦታ ማለት ነው። ሥራው ሳይጀመር፣ በውሃውና በአየሩ፣ በሰውና በከብቱ ላይ ሊያደርስ በሚችለው ጉዳት ላይ ነዋሪው መምከር አለበት። ስብሰባው ረቡዕ ነው። ከአዲስ አበባ የሚመጡት ባለሙያዎች በአማርኛ ያስረዳሉ፤ ከነዋሪው ብዙው ግን፣ በተለይ ሴቶቹና ሽማግሌዎቹ፣ የሆዳቸውን የሚናገሩት በሲዳማ ቋንቋ፣ በሲዳሙ አፎ ነው። አስተርጓሚ ተብሎ የተያዘው ሰው ደግሞ ቀርቷል።

«ሁለቱንም አጥርቶ የሚያውቅ ከእርስዎ ሌላ ማን አለን?» አለ።

እውነቱን ነው። አባቴ ከሰሜን በመንግሥት ሥራ ተመድቦ የመጣ ጸሐፊ ነበር፤ እናቴ የሲዳማ ልጅ ናት። እቤታችን ቁጣው በአማርኛ፣ እሹሩሩው በሲዳሙ አፎ ነበር። ከማስተማር ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ማንም ለምንም ፈልጎኝ አያውቅም። አልደብቅም፣ ደስ አለኝ። ረቡዕ የምለብሰውን ቀሚስ የዚያኑ ዕለት አጥቤ ሰቀልኩ።

ቤቴ ከከተማችን ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ጫፍ ነው። ኮብልስቶኑ እኛ በር ላይ ያልቃል፤ ከዚያ ወዲያ ሜዳው ነው። በበጋ ከብት ይሰማራበታል፣ ሴቶች ሣር አጭደው በጀርባቸው ተሸክመው ወደ ገበያ ያወጡበታል። በክረምት ውሃ ይቆምበታል፤ እንቁራሪቶቹ ያደነቁራሉ። በሜዳው መሐል ቦይ ያልፋል። ቦዩ ወደ ረግረጉ፣ ረግረጉ ወደ ጥቁር ውሃ ወንዝ፣ ጥቁር ውሃ ወደ ሐይቁ ይሄዳል። ይህንን ለማወቅ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። ልጅ ሳለሁ በቦዩ ላይ የለቀቅነው የቆርቆሮ ጀልባ የት ይደርሳል ብለን ተከትለነው እናውቃለን። የእኛ ቦይ ላይ የተደፋ ነገር ሁሉ መጨረሻው ሐይቁ ዳር ዓሣ የሚበላው ሰው ሳህን ላይ ነው።

ረቡዕ ጠዋት አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። «የሕዝብ ምክክር መድረክ» የሚል ባነር ተሰቅሏል፤ ሞንታርቦ ተደቅኗል፤ ፕሮጀክተሩ ነጭ አንሶላ ላይ ያበራል። ባለሙያው ሠላሳዎቹ ውስጥ ያለ፣ ንጹሕ ሸሚዝ የለበሰ፣ ትሑት ሰው ነበር። ሁለት እጁን ዘርግቶ ጨበጠኝና «እርስዎ ባይኖሩ ምን ይውጠን ነበር» አለኝ። ክፉ ፊት ቢያሳየኝ ኖሮ ዛሬ ንዴቴ ይቀልልኝ ነበር።

ከሁሉ በፊት የዞረው ወረቀት ነው። ስም፣ የቤት ቁጥር፣ ፊርማ ይላል። ከኋላ አንድ ሰው «ምንድን ነው የምንፈርመው?» ብሎ ጠየቀ።

«መገኘታችሁን ነው። ሌላ ነገር የለውም» አለ ሊቀመንበሩ።

ይህንን ቃል በሲዳሙ አፎ ለአዳራሹ የደገምኩት እኔ ነኝ። ሌላ ነገር የለውም አልኩ፣ በራሴ አንደበት። አጠገቤ የተቀመጡት ጎረቤቴ እማማ መጻፍ ስለማይችሉ አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው አሳረፉ። ቀጥሎ እኔ ፈረምኩ።

ባለሙያው ማይኩን ሲያነሳ አንድ ሽማግሌ ከፊት ረድፍ ተነሱና «አፊኒ?» አሉ።

ቃሉ ሲተረጎም «ሰምታችኋል ወይ?» ማለት ነው። በሲዳማ ወግ ግን አፊኒ ሳይባል ነገር አይከፈትም። ጉዳይ ይዞ የመጣ ሰው፣ ሸንጎው ምን እንደሰማ፣ ምን እንደሚያውቅ አስቀድሞ ያዳምጣል፤ ነገሩ ተጣርቶ እውነቱ ከወጣ በኋላ ነው የሚመከረው። ባለሙያው ወደ እኔ ዞረ። «ሰምታችኋል ወይ ነው የሚሉት» አልኩት።

«አዎ፣ ሰምተናል አባቴ። በኋላ ለጥያቄ ሰፊ ጊዜ አለ» አለና መብራቱን አስጠፋ። ሽማግሌው ቆመው ቆይተው ተቀመጡ። ምክክሩ እዚያች ላይ ማለቁን ያኔ አልገባኝም፤ እሳቸው ግን የገባቸው ይመስለኛል፤ ከዚያ በኋላ አንድም ቃል አልተነፈሱም።

ቀለም የተቀባ ካርታ መጣ። የእኛ ቦይ ቀጭን ሰማያዊ መስመር ሆኗል፤ ሜዳው «ባዶ መሬት» ተብሏል። ባለሙያው «መካከለኛ ተጽዕኖ»፣ «ሊቀለበስ የሚችል»፣ «የማቃለያ እርምጃ» እያለ ሲወርድ እኔ ከኋላው እሮጣለሁ። «ይጎዳችኋል፣ ግን ትድናላችሁ ነው የሚለው» ብዬ ስተረጉም ሴቶቹ ሳቁ። ባለሙያውም ምን እንዳልኩ ሳያውቅ አብሮ ፈገግ አለ።

የጥያቄ ሰዓት ሲደርስ መጀመሪያ የተነሱት ጋሼ ናቸው። ጋሼ ከእኛ ሁለት ቤት አልፎ ከልጃቸው ጋር የሚኖሩ፣ ምርኩዝ የያዙ ሽማግሌ ናቸው፤ ወጣትነታቸውን ያሳለፉት ባቡር በመጠገን ነው። ቀስ ብለው ተነሱና እንዲህ አሉ።

«እኔ ባቡር አልጠላም። እንጀራዬ ነበር። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ ልጄ። ባቡር ሲጠገን ብረቱ በነጭ ጋዝና በሶዳ ይታጠባል። ያ ውሃ ከዚያ በኋላ ውሃ አይባልም። እኛ ዘንድ ዘይቱና ውሃው የሚለያይበት ጉድጓድ ነበረን፤ ጉድጓዱን ብቻ የሚጠብቅ ሰው ነበር። ጉድጓዱ ሲሞላ ሥራ ይቆማል። ያንተ ጉድጓድ ካርታው ላይ የት ነው?»

ባለሙያው ካርታውን አየ። «እሱ በዝርዝር ዲዛይን ላይ የሚታይ ነው አባቴ።»

«ዲዛይኑ የት ነው?»

«ገና ነው።»

«ገና ከሆነ ምን ልታማክረን መጣህ?» አሉና ተቀመጡ። አዳራሹ አጉረመረመ። ሊቀመንበሩ ቸኩሎ «ቀጣይ!» አለ።

እማማ ተነሱ። እማማ ሁለት ላም፣ ከጓሮ እንሰት፣ ከጓሮው ጫፍ ደግሞ በእጅ የተቆፈረ የውሃ ጉድጓድ ያላቸው ባልቴት ናቸው። የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን አባል ስለሆኑ ሰው ፊት ቆሞ መናገር ያውቃሉ፤ አይቸኩሉም። በሲዳሙ አፎ እንዲህ ብለው ጀመሩ። ከላይ መንገዱ ዳር አንድ ጋራዥ ተከፍቶ ነበር። የተቃጠለ ዘይቱን ወደ ቦዩ ይደፋዋል። መጀመሪያ ውሃው ላይ እንደ ቀስተ ደመና ያለ ቀለም መጣ፤ ልጆች ያምራል ብለው ሊያዩት ይሄዱ ነበር። ከዚያ እንቁራሪቶቹ ዝም አሉ። ከዚያ ላማቸው ውሃ እንቢ አለች፤ ጠምቷት ስትጠጣ ከረመችና ጥጃዋን ሞቶ ወለደችው። ጥጃውን በእጃቸው ጎትተው ያወጡት እሳቸው ናቸው። ቆዳው ላይ ፀጉር አልነበረውም። ለቀበሌ ቢናገሩ ጋራዡ ፈቃድ አለው ተባሉ። ይኼ አንድ ጋራዥ ነው። እናንተ የምታመጡት ስንት ጋራዥ ያክላል? ቦታው ውሃ ነው፤ ውሃ ላይ ዘይት አይቀመጥም። ሌላ ደረቅ ቦታ ፈልጉ። እዚያ አይሆንም።

እሳቸው ሲናገሩ ባለሙያው ሰዓቱን አይቶ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለና «ዋና ሐሳቡን ብቻ ይንገሩኝ፣ ጊዜ የለንም» አለኝ። እኔም እንዲህ አልኩት።

«ከዚህ በፊት ከአንድ ጋራዥ የወጣ ዘይት ከብት ጎድቶባቸዋል። ለውሃው ጥንቃቄ ይደረግ ነው የሚሉት።»

እንዲህ ነው ያልኩት። ቀስተ ደመናው ቀረ፤ እንቁራሪቶቹ ቀሩ፤ ጥጃው ቀረ። ከሁሉ የከፋው ደግሞ «አይሆንም» የሚለው ቃል ቀረ። ማንም አላስገደደኝም። እንግዳ ፊት ከበደብኝ፤ «አይሆንም» ከሚል «ጥንቃቄ ይደረግ» የሚል የተሻለ ጨዋነት መስሎኝ ለወጥኩት። ዕድሜ ልኬን ልጆች ቃል ሲያጎድሉ በቀይ ስክሪብቶ ሳርም ኖሬ፣ ያን ዕለት የሰው ቃል አጎደልኩ።

«በጣም ገንቢ አስተያየት ነው፤ ይመዘገባል» አለ ባለሙያው።

መጨረሻ ላይ ሊቀመንበሩ ተነሳና «እንግዲህ ባቡር አያስፈልገንም፣ ልማት አንፈልግም የሚል ሰው ካለ እጁን ያውጣ» አለ። ተረጎምኩ። ማን እጁን ያወጣል? ማንም ባቡር አያስፈልግም አላለም። ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ተያየ። «የለም። እናመሰግናለን» አለና ጭብጨባ ጠየቀ። አጨበጨብን።

ክረምቱ ገባ። አንድ ቀን ለልጄ የነዋሪነት ማስረጃ ላወጣ ቀበሌ ሄጄ ተራ ስጠብቅ፣ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የስብሰባው ቃለ ጉባኤ ተለጥፎ አየሁ። መነጽሬን አድርጌ ቆሜ አነበብኩት።

«ነዋሪዎች ፕሮጀክቱን በታላቅ ደስታ የተቀበሉት መሆኑን ገልጸዋል» ይላል። «አንድ አባት በዘርፉ የረጅም ጊዜ ልምድ ያላቸው መሆኑን ጠቅሰው ባቡር የእድገት መሠረት መሆኑን አስረድተዋል» ይላል። ጋሼን ማለቱ ነው። «አንዲት እናት በአካባቢው ያሉ ጋራዦች ከፕሮጀክቱ ጋር ትስስር ቢፈጠርላቸው መልካም መሆኑን ጠቁመዋል» ይላል። ይህችን መስመር ሁለት ጊዜ አነበብኳት። የሞተ ጥጃ ያወጡ ሴት ለገዳዩ የገበያ ትስስር ጠያቂ ሆነው ተጽፈዋል። ከዚያም «ውይይቱ በሙሉ ስምምነት ተጠናቅቋል»። ከሥር «ፕሮጀክቱን የደገፉ ነዋሪዎች ፊርማ» በሚል ርዕስ፣ ያ ለመገኘታችሁ ነው የተባለው ወረቀት ኮፒው ተያይዟል። የእኔ ፊርማ አለ። አጠገቡ የእማማ አውራ ጣት፣ ጠቁሮ፣ ሰፍቶ።

ተራዬን ትቼ ወደ ሊቀመንበሩ ቢሮ ገባሁ።

«ይኼን ማን ጻፈው?»

«ከላይ የመጣ ፎርማት ነው መምህርት» አለ ከወንበሩ ተነስቶ። «ሁሉም ቦታ እንዲሁ ነው የሚጻፈው።»

«እማማ ትስስር ብለው ጠየቁ? አንተ እዚያ አልነበርክም? ጆሮ የለህም?»

«ጋራዥ የሚል ቃል ስለነበረ ይመስለኛል . . . ጸሐፊው በፍጥነት ሲጽፍ።»

«ፊርማውስ? መገኘታችሁን ነው አላልክም?»

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ተማሪዬ የነበረው ልጅ፣ እንዲህ አለኝ። «መምህርት፣ አስተርጓሚዋ እርስዎ ነዎት። እኔ የሰማሁት እርስዎ ያሉትን ነው። እሱ ላይም አይሆንም የሚል አልነበረም። ይተዉት፣ ጸረ ልማት ይባላሉ።»

ያቺ ንግግሩ እንደ ጥፊ ነች፤ ምክንያቱም ግማሿ እውነት ናት። እሱ ዋሽቷል፤ በውሸቱ ውስጥ ግን እኔ በር ከፍቼለታለሁ። ማስረጃውን ሳላወጣ፣ በዝናብ፣ ዣንጥላዬን እዚያው ረስቼ ወጣሁ።

ቀጥታ የሄድኩት እማማ ቤት ነው። እንሰት እየፋቁ ነበር። ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳቸው። ሥራቸውን ሳያቋርጡ ሰሙኝ።

«ጥጃው ወረቀቱ ላይ አለ?» አሉ።

«የለም እማማ።»

«የእኔ ጣትስ?»

«ጣትዎ አለ።»

መፋቂያውን አስቀመጡ። «ቃሌን ጥለው ጣቴን ብቻ ወሰዱት በይኛ» አሉ። ቀጥለውም፣ «አንቺስ ልጄ፣ ያን ዕለት ምን ብለሽ ነበር የነገርሻቸው?»

ይህን ጥያቄ ፈርቼ ነበር የሄድኩት። አልዋሸሁም። «አይሆንም ያሉትን አልተናገርኩም። ጥንቃቄ ይደረግ ብያለሁ» አልኳቸው። አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ እጃቸውን ታጥበው መጡና ከፊቴ ተቀመጡ። «ደብተር አለሽ? እንግዲህ እንደገና እነግርሻለሁ። አሁን አታሳጥሪ።»

የተናገሩትን በሲዳሙ አፎ ጻፍኩት፤ አንብቤ አሰማኋቸው፤ ሁለት ቦታ አረሙኝ። ከሥሩ በአማርኛ ተረጎምኩት። በማግስቱ ጋሼ ጋ ሄድኩ። ቃለ ጉባኤው እሳቸውን እንዴት አድርጎ እንደጻፋቸው ስነግራቸው ምርኩዛቸውን ወለሉ ላይ መቱ። «የእድገት መሠረት? እኔ የጠየቅሁት ጉድጓድ ነው» አሉ። የጉድጓዱን ሥዕል በእጃቸው ሣሉልኝ፤ ውሃው በየት እንደሚገባ፣ ዘይቱ የት እንደሚንሳፈፍ፣ ማን እንደሚጠርገው። የሚንቀጠቀጥ እጅ ነው፤ መስመሩ ግን ቀጥ ያለ ነበር።

ወሬው ተሰማ። እሑድ ከቸርች መልስ፣ ከቅዳሴ መልስ ሰው ግቢዬ ይመጣ ጀመር። እያንዳንዱ ረቡዕ ዕለት ያለውን፣ ወይም ሊል ፈልጎ ማይኩ ያልደረሰውን ይናገራል፤ እኔ እጽፋለሁ፤ አነባለሁ፤ በራሱ ቃል ሥር ብቻ ይፈርማል። አፊኒ ያሉት ሽማግሌም መጡ። ከሁሉ አጭር የእሳቸው ነው። «ጠየቅሁ፣ አልተመለሰልኝም» ብለው አስጻፉ።

ሊቀመንበሩ ሰው ላከብኝ። «ያልተፈቀደ ስብሰባ እያደረጉ ነው ይባላል» አለ መልእክተኛው። «ስብሰባ አይደለም፣ እርማት ነው በልልኝ» አልኩት።

ደብተሩ ሲያልቅ ሁለት ኮፒ አስነስተን ሦስታችን፣ እማማ፣ ጋሼና እኔ፣ ባጃጅ ይዘን መሃል ከተማ ወደሚገኘው፣ የፕሮጀክቱን ጉዳት ወደሚመረምረው ቢሮ ሄድን። እማማ የቤተ ክርስቲያን ነጠላቸውን ለብሰው ነበር። መዝገብ ቤቱ መስኮት ላይ ያለችው ሠራተኛ ወረቀታችንን ገልበጥ ገልበጥ አደረገችና መለሰችልን።

«በፎርማቱ መሠረት አልተዘጋጀም። የቀበሌ መሸኛም የለውም። ደግሞ የአስተያየት ጊዜው አልፏል።»

«ጊዜው ማለፉን ማን ነገረን?» አልኳት።

«ድረ ገጽ ላይ ወጥቷል።»

ይህንን ለእማማ እንዴት አድርጌ እንደምተረጉም ቸገረኝ። በመጨረሻ እንዳለ ተረጎምኩት። እማማ «ድረ ገጽ የማን ጓሮ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። የሳቅሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ እሳቸው የምራቸውን ነበር።

ጋሼ ኮሪደሩ ላይ ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። «ተቀብለናል የሚል ማኅተም እስኪመታልኝ እዚህ ነኝ። ጡረተኛ ነኝ፣ ሥራ የለኝም» አሉ። እኛም አጠገባቸው ተቀመጥን። ሰው ገባ፣ ሰው ወጣ። ምሳ ሰዓት ደርሶ መስኮቱ ተዘጋ፤ ተከፈተ። ጥበቃው መጥቶ ኮሪደር ላይ መቀመጥ ክልክል ነው አለ። ጋሼ የተቀመጡበትን ወንበር በምርኩዛቸው ነካ ነካ አደረጉና «ይኼን ለምን አስቀመጣችሁት ታዲያ?» አሉት። ሄደ።

ከሰዓት በኋላ የመዝገብ ቤቷ ልጅ ራሷ ወጣች። ወረቀቱን ከእጄ ተቀብላ ቆማ ማንበብ ጀመረች። የእማማን ገጽ በሲዳሙ አፎ የተጻፈውን ነው ያነበበችው፤ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አያለሁ። ስትጨርስ ወደ እማማ ጎንበስ ብላ በሲዳሙ አፎ «ፀጉር አልነበረውም?» አለቻቸው።

«አልነበረውም» አሉ እማማ።

ገብታ ማኅተም መታችበት፣ ገቢ ቁጥር ጻፈችበት፣ አንዱን ኮፒ ለእኛ ሰጠችን። እንዲያ ለማድረግ ማንንም አላስፈቀደችም። ተቆጥተዋት እንደሆነ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ የቀረውን ክረምት ሁሉ ድምፅ ጠፋ። ሁለት ጊዜ ደብዳቤ ጻፍን፤ አንድ ጊዜ እኔ ብቻዬን ሄጄ «እየታየ ነው» ተባልኩ። መስቀል አልፎ፣ ሜዳው ላይ ውሃው መሸሽ ሲጀምር፣ ሁለተኛ ስብሰባ ተጠራ። ያው አዳራሽ፣ ያው ባነር፣ ያው ባለሙያ ነበር። አሁንም ሁለት እጁን ዘርግቶ ጨበጠኝ። ጋሼ ታምመው ስለነበር አልመጡም፤ ጥያቄያቸውን በወረቀት ልከዋል።

የፊርማው ወረቀት ሲዞር እማማ ጋ ደረሰ። ጣታቸውን ነጠላቸው ውስጥ ደበቁት። «መጀመሪያ ከላይ የተጻፈውን አንብቡልኝ» አሉ። ከላይ ምንም አልተጻፈም፣ ባዶ ነው ተባሉ። «እንግዲያው ጻፉበት። መጥታለች፣ አልተስማማችም በሉ። ከተስማማሁ ተመልሼ አስጽፋለሁ።» ወረቀቱ ወደ ቀጣዩ ሰው ሄደ፤ እሱም አልፈርምም አለ። ረድፉን ሙሉ ዞሮ ባዶውን ተመለሰ። ሊቀመንበሩ ወደ እኔ አየ፤ እኔ ጣሪያውን አየሁ። በመጨረሻ «ይህ ፊርማ መገኘትን ብቻ ያሳያል፤ ስምምነትን አያሳይም» ተብሎ በሁለቱም ቋንቋ በእጅ ተጻፈበት። የጻፍኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ፈረምን።

ማንም ሲናገር አላሳጠርኩም። ባለሙያው ሁለት ጊዜ ሰዓቱን አሳየኝ። «ሰውየው ገና አልጨረሱም» አልኩት በማይኩ። የእማማን «አይሆንም» የሚለውን ስተረጉም ድምፄን ከፍ አደረግሁ። የጠዋት ስብሰባ ነበር፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተቀመጥን።

አዲሱ ካርታ ላይ ሁለት ነገር ተለውጧል። ማጠቢያውና ነዳጅ መሙያው ከቦዩ ዳር ተነስተው ከፍ ወዳለው ጎን ሄደዋል። የዘይት ማጣሪያ ጉድጓድ የሚል ትንሽ አራት ማዕዘንም ተስሏል። ባለሙያው በፈገግታ «ይኼ ከመጀመሪያውም ታስቦበት የነበረ ነው» አለ። ይህችን ስሰማ ደሜ ፈላ። ሰው ስህተቱን ሲያርም አመሰግናለሁ፤ አርሞ ሲያበቃ አልተሳሳትኩም ሲለኝ ግን ያን ሁሉ ሰዓት ኮሪደር ላይ የተቀመጡትን ሽማግሌ ነው የሰደበብኝ። ማይኩን ይዤ ስለነበር፣ አስተርጓሚ የራሱን መናገር እንደሌለበት እያወቅሁ፣ «ታስቦበት ከነበረ ባለፈው ጋሼ ሲጠይቁህ ለምን ገና ነው አልክ?» አልኩት። ሊቀመንበሩ «ወደ ቀጣይ እንለፍ» አለ።

ግቢው ከሜዳው አልተነሳም። ሌላ ደረቅ ቦታ ይፈለግ የሚለው ጥያቄ «በጥናት የሚታይ» ተብሎ ተመዘገበ፤ ቢያንስ ተመዘገበ። የመጀመሪያው ቃለ ጉባኤም አልተሰረዘም። እንዲሰረዝ ጠየቅን፤ የጸደቀ ሰነድ አይሰረዝም፣ የእናንተ በአባሪነት ይያያዛል ተባልን። ስለዚህ ዛሬ በዚያ ፋይል ውስጥ እማማ በአንድ ገጽ ለጋራዦች ትስስር ይለምናሉ፤ በሌላ ገጽ ጥጃቸውን ያወጣሉ። ፋይሉን የሚያነብ ሰው የቱን እንደሚያምን እንጃ። ሁለቱንም የሚያነብ ሰው ስለመኖሩም እጠራጠራለሁ።

ከስብሰባው ስወጣ ጋሼን ልጠይቅ ሄድኩ። ትራስ ተደግፈው ተቀምጠው ነበር። ካርታውን በስልኬ ፎቶ አንስቼው ስለነበር አሳየኋቸው። ስልኩን ከዓይናቸው አራቁት፣ አቀረቡት።

«ጉድጓዱ ይኼ ነው?»

«እሱ ነው ጋሼ።»

«ጥልቀቱስ?»

«አልተጻፈም።»

«የሚጠብቀው ሰውስ?»

«እሱም አልተጻፈም።»

ስልኩን መለሱልኝ። «ሣጥን ነው የሣሉት። ጉድጓድ አልሣሉም» አሉ። ከዚያ «ሻይ አቅርቢላት» ብለው ልጃቸውን ጠሩ።

በማግስቱ ሁለቱን ጥያቄዎች ጽፌ ለዚያው ቢሮ አስገባሁ፤ ልጅቷ ከመስኮቱ ወደ ሌላ ቦታ ተዛውራለች፤ አዲሱ ሠራተኛ ግን ያለ ንትርክ ማኅተም መታልኝ። መልስ አልመጣም። ሜዳው ላይ ቀይ ጫፍ ያላቸው የብረት ችካሎች ተተክለዋል። አንዱ እማማ ሣር ከሚያጭዱበት መሐል ነው፤ እሳቸው ግን ዙሪያውን ማጨዳቸውን አልተዉም። ትናንት በር ላይ ሲያልፉ ሸክማቸውን ሳያወርዱ «መልስ መጣ?» ብለው ጠየቁኝ። አልመጣም አልኳቸው። «እንግዲህ ነገ ሂጂና ጠይቂ» አሉኝ። ልሄድ ነው።